በአጥቢያችን ስንት ነፍስ አለ?

የሰበካ ጉባኤያት የውኃ ጉድጓድ ወይም የእህል ወፍጮ እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ፣ «የተጠቃሚው ሕዝብ ብዛት» የሚለው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሞላው የአባወራውን ቁጥር በአምስት በማባዛት ነው። ይህ ልማድ የት ላይ እንደሚያሳስትና አባቶች ካህናትና ኮሚቴዎች በእጃቸው ባለው መዝገብ እንዴት ሊያርሙት እንደሚችሉ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

በአገራችን አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወስኗል። በመሆኑም ዕቅዶቻችን አሁንም የሚደገፉት በ1999ኙ ውጤት ላይ ነው። በዚያ ቆጠራ በአማራ ክልል 17,221,976 ሰዎች በ3,983,768 ቤተሰቦች ተመዝግበዋል። አንድ ቤተሰብ በአማካይ በገጠር 4.5፣ በከተማ 3.3 ሰው ነበረው። 200 ቤተሰብ ያለው የገጠር አጥቢያ በአምስት ቢያባዛ 1,000 ይላል፤ በቆጠራው አማካይ ግን 900 ነው።

አማካዩም ቢሆን ሁሉን አይገልጥም። ጠዳን እንመልከት። ከአዘዞ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ነው። የጎንደር ከተማ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 112,249 የነበረው በ1999 ዓ.ም. 207,044 ደርሷል። እንዲህ ባለ ከተማ አቅራቢያ የገበሬውና የከተሜው ኑሮ በአንድ ደብር ሥር ይገናኛሉ። በጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚማሩ ወጣቶች በአጥቢያው ይኖራሉ፤ ውኃውንም ይጠቀማሉ። የሰበካ ጉባኤው መዝገብ ግን የአባልነት አስተዋጽኦ የሚከፍሉትን እንጂ እንግዳውን፣ ተቀጣሪውንና አቅም የሌላትን መበለት ሁልጊዜ አይዝም። በአንጻሩ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ ወጣቶች በመዝገብ አሉ፣ በቤታቸው ግን የሉም።

ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ነን?» ብቻ ሳይሆን «እነማን ነን? በየትኛው ወቅት?» የሚል ጭምር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። ሕፃናት የሚበዙበት አጥቢያ የሚያስፈልገው፣ አረጋውያን ብቻ ከቀሩበት ይለያል።

መፍትሔው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይርቅም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ሁለቱም የክርስትና ቀናት ከዚህ ገደብ በፊት ስለሚውሉ፣ ካህኑ በዚያው ዕለት ስሙን በደብሩ መዝገብ አስፍሮ ወላጆችን ወደ ቀበሌ ቢልክ ሁለት መዝገብ ይሟላል። ለጋብቻና ለፍትሐትም እንዲሁ ይደረግ። ከዚህ ጋር ኮሚቴው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምትና በበጋ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ዕድሜን፣ ጾታንና ከአጥቢያው የራቀውን ይመዝግብ። ለዕቅድ የሚላከው ድምሩ ብቻ ነው፤ የሰው ስም ከደብሩ አይወጣ።

ከምእመናን መካከል ልጅን መቁጠር የሚፈሩ አሉ፤ የንጉሥ ዳዊትንም ቆጠራና የተከተለውን መቅሠፍት ያነሣሉ (2ኛ ሳሙ. 24)። ሊናቁ አይገባም። ነገር ግን ሙሴ የቆጠረው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው (ዘኍ. 1)፤ ጌታችንም የተወለደው ዮሴፍ ሊመዘገብ ወደ ቤተ ልሔም በወጣ ጊዜ ነው (ሉቃ. 2)። ልዩነቱ በዓላማው ነው። እኛ የምንቆጥረው በብዛታችን ልንመካ አይደለም፤ ውኃው ሲከፋፈል መበለቲቱና እንግዳው እንዳይረሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።