ሁለት ሜትር ሲሉህ አራት አስብ

በሲድኒ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከማሩብራ እስከ ሊትል ቤይ ባለው ዳርቻ፣ ባሕሩ የአሸዋ ድንጋዩን እየቦረቦረ ጠፍጣፋ መደብ አበጅቷል። ዓሣ አጥማጁ ገደሉን ወርዶ እዚያ ይቆምና መንጠቆውን ይጥላል። ጀልባ አያስፈልገውም፤ ከእግሩ ሥር ያለው ውኃ ጥልቅ ስለሆነ ዓሣው ራሱ ወደ ዓለቱ ይጠጋል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ጥልቀት ነው።

ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ሐይቅ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል፣ ነፋሱ ሲቆም ይረጋል። ውቅያኖስ ግን ሰማዩ ጠርቶ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ፣ በጣም ርቆ ባለፈ ወጀብ የተነሳ ሞገድ ሊልክብህ ይችላል። አሸዋማ ዳርቻ ላይ ሞገዱ ውኃው እያነሰበት ሲመጣ ቀድሞ ይሰበርና ይደክማል። ዓለቱ ሥር ግን የሚያደክመው ነገር ስለሌለ ጉልበቱን እንደያዘ ደርሶ ሽቅብ ይወጣል።

የትንበያው ቁጥርም ያዘናጋል። «የሞገድ ከፍታ 2 ሜትር» ማለት ከዚያ የሚበልጥ አይመጣም ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከሞገዶቹ ሁሉ የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ሞገድ ቢመጣ በ3 ሰዓት ውስጥ ከ1,000 በላይ ይሆናል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ 4 ሜትር ቢጠጋ አይገርምም። ሰው ሲወሰድ «ድንገተኛ ሞገድ መጣበት» ይባላል። እኔ ግን ተራው ደርሶ የመጣ ሞገድ ነው እላለሁ።

ሙያውን ያስለመዱኝ አዛውንት ቬትናማዊ ጎረቤቴ፣ ዘንጋቸውን ከመፍታታቸው በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ያያሉ። የሚቆሙበት ዓለት እርጥብ ከሆነ ሞገድ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ አይወርዱም። ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ አልጌ የለበሰ ድንጋይም አይረግጡም። ጫማቸው ከሥሩ የብረት ጥርስ አለው። መውጫቸውንም አስቀድመው ይመርጣሉ።

ሲድኒ ውስጥ ክረምቱ እንደኛው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ሉደሪክ የሚባለው ዓሣም የሚበረክተው ያኔ ነው። ሉደሪክ በአብዛኛው ሣር በል ስለሆነ ሥጋ ብትሰካለት ብዙም አይጓጓም። ከዓለቱ የተለቀመ አረንጓዴ የባሕር አረም መንጠቆው ላይ ይጠመጠምና ከተንሳፋፊ ቡሽ በታች ይንጠለጠላል። ቡሹ ቀስ እያለ ሲሰጥም መሳብ ነው። ከ27 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን ግን ወደ ውኃ መመለስ ግዴታ ነው።

የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ፣ አደገኛ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ከዓለት ላይ የሚያጠምድ ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት እንዲለብስ ያዝዛል። ሕጉ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ማሩብራ በምትገኝበት በራንድዊክ ነው። በብዙ ቦታም ለወደቀ ሰው የሚወረወር የነፍስ አድን ቀለበት ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል።

የወደቀ ሰው ወዲያው ዓለቱን ልያዝ ይላል፤ የሚቀጠቅጠው ግን ያው ዓለት ነው። ከዓለቱ ርቆ ዋኝቶ፣ ተንሳፍፎ እርዳታ መጠበቅ ይሻላል። ጓደኛውም ተከትሎት መግባት የለበትም፤ ቀለበቱን ወርውሮ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 000 ይደውል።

ባሕሩ ካላማረኝ ዘንጌን ሳልፈታ እመለሳለሁ። ሚስቴ «ዓሣው የታለ?» ካለችኝ መልሴ ዝግጁ ነው፦ የሲድኒ ዓሣ ገበያ ክፍት ነው።