ፕሪንተራችን ቤት ቀየረ

የጨረታው ሳጥን የሚዘጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ሰነዱ ተዘጋጅቷል፣ ዋጋው ተሞልቷል፤ የቀረው ማተም፣ ማኅተም ማሳረፍና በፖስታ ማሸግ ብቻ ነው። የጸሐፊያችን ኮምፒውተር ግን ፕሪንተሩን «ኦፍላይን ነው» እያለ አስቸገረን። አጠፋነው፣ አበራነው። ኬብሉን ነቅለን ሰካነው። ያው ነው።

«ትናንት ማን ነው የነካካው?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን።

ዓይን ሁሉ ወደ ተለማማጇ ዞረ። በዋዜማው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስትሠራ ያመሸችው እሷ ነበረች። «ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም!» ብትልም የሰማት የለም። እኔም ዝም አልኩ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ፒያሳ ወዳለ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ሰነዱ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ከሰዓት በኋላ ችግሩን ያገኘችው ያቺው ተለማማጅ ናት። ያን ቀን ያስተማረችን ነገር ለብዙ ቢሮዎችና ቤቶች ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ለእናንተ ለአንባብያን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

በኪራይ እንጂ በርስት አይደለም

በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር፣ ስልክና ፕሪንተር ሁሉ የየራሱ አድራሻ አለው። አይ.ፒ. አድራሻ ይባላል። በቤቶችና በትንንሽ ቢሮዎች ብዙውን ጊዜ 192.168 ብሎ ይጀምራል። ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። ዕቃው ሲበራ አድራሻ ይጠይቃል፤ ራውተሩም ያልተያዘ ቁጥር ፈልጎ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ግን በኪራይ እንጂ በርስት አይደለም።

በዚያ ሌሊት ጎንደር ውስጥ መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር። ራውተራችን እንደገና ሲበራ ለማን የትኛውን ቁጥር ሰጥቶ እንደነበር ረስቶታል። ጠዋት ቀድመው የገቡት ሥራ አስኪያጁ ስለሆኑ የፕሪንተሩን የቀድሞ ቁጥር የእሳቸው ስልክ ወሰደው። ዘግይቶ የበራው ፕሪንተር ሌላ ቁጥር ተሰጠው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህን ስለማያውቅ የድሮውን በር ሲያንኳኳ አረፈደ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሙሉ ሰነዱን ስንልክ የነበረው ወደ እርስዎ ስልክ ነው» ስትላቸው ቢሮው በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከመነካካት በፊት መጠየቅ

የመጀመሪያው ጥያቄ «የተቸገረው ማን ነው?» የሚል ይሁን። ሁሉም ሰው ማተም ካቃተው ችግሩ ከፕሪንተሩ ወይም ከራውተሩ ነው። የተቸገረው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ሌላውን መነካካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ «ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ወይ?» የሚለው ነው። የቢሮው ዋይፋይ ሲንቀረፈፍ ብዙዎቻችን ላፕቶፓችንን ከስልካችን ሆትስፖት ጋር እናገናኛለን። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ቢሆንም ከቢሮው ኔትወርክ ወጥቷል፤ አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር አያየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ኢንተርኔትና የቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ይለያያሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ማተምም ሆነ ሼር የተደረገ ፎልደር መክፈት ይቻላል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም ራውተር ያለው ቢሮ በውስጥ ኔትወርኩ ሥራውን መሥራት ይችል ነበር።

ሦስተኛው ቁጥሩን ማየት ነው። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርኩን ዝርዝር ሲከፍቱ አድራሻው 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቁጥር አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን፣ ስዊቹንና ራውተሩን ይመልከቱ።

አራተኛው፣ የፕሪንተሩን ቁጥር ከራሱ ሜኑ «ኔትወርክ» በሚለው ስር ፈልገው በኮምፒውተሩ ብሮውዘር ላይ ይጻፉት። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ መንገዱ ደህና ነው፤ ዊንዶውስ የያዘው አድራሻ የቆየ ሊሆን ስለሚችል ፕሪንተሩን ሰርዘው በአዲሱ ቁጥር እንደገና ይጨምሩት። እኛን ያዳነን ይኸው ነው።

ያልተከፈተው ፕሪንተሩ ሳይሆን የጋራ ፎልደሩ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ የቢሮውን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት እንደሆነ ይዩ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ካፌ ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ከሌሎች ይደበቃል። የሚያምኑት የቢሮ ወይም የቤት ኔትወርክ ከሆነ «ፕራይቬት» ወደሚለው ይቀይሩት።

አሮጌውን በር አይክፈቱ

አሮጌ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተርና አዲስ ላፕቶፕ አልገናኝ ሲሉ «ኤስ.ኤም.ቢ. 1 የሚባለውን አብራው» የሚል ምክር ይሰማል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ አሮጌ የፋይል መጋሪያ ስልት ክፍተት ነው። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ ተስተጓጉሎባቸዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ስልቱን አዲስ በሚጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ አጥፍቶታል። ለአንድ ወረቀት ብለው መልሰው አያብሩት፤ ለጊዜው በፍላሽ ማስተላለፍ ይሻላል፤ ፍላሹን በአንቲቫይረስ መፈተሽ ሳይረሳ።

አንድ ብጣሽ ወረቀት

ዘላቂው መፍትሔ ፕሪንተሩን ከኪራይ ማውጣት ነው። በራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ይቻላል። ከዚያ መብራት ቢጠፋም ቢመጣም ቁጥሩን ሌላ አይወስድበትም። ዳባት ወይም ደባርቅ ያለ መሥሪያ ቤት ለዚህች ለአንዲት ቁጥር ብሎ ከጎንደር ባለሙያ ማስመጣት ላያስፈልገው ይችላል።

ተለማማጇ ሥራውን ስትጨርስ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ፕሪንተሩ ጎን ላይ ለጠፈችው። ሥራ አስኪያጁም ከቢሯቸው ወጥተው በሁላችን ፊት «ልጄ፣ ጠዋት በድዬሻለሁ፣ ይቅርታ» አሏት። እኔ ይቅርታ የጠየቅኳት በማግሥቱ ነው፤ በዚያው ዕለት መሆን ነበረበት።