ደም የሚከተል ሰው አይሮጥም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «አባባ፣ ይኼ ሰውዬ ለምንድነው የማይሮጠው?» አለኝ። የውጭ አገር ፊልም ነው። አንድ አዳኝ በዘመናዊ ቀስት አጋዘን ወግቷል። አጋዘኑ ጫካ ገብቶ ተሰውሯል፤ ሰውዬው ግን ከተሰቀለበት ዛፍ ሳይወርድ ሰዓቱን እያየ ቁጭ ብሏል። ልጁ ተናደደ። «ሊያመልጠው እኮ ነው!»

ሳቄ መጣ። ይህንኑ ቃል ከሃምሳ ዓመት በፊት ሐራ፣ አያቴ ማሳ ዳር ቆሜ ተናግሬዋለሁ።

ሐራ ከወልዲያ በስተምሥራቅ፣ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ያለች የገበያ ቦታ ናት። የዛሬ ሰው ስሟን የሚያውቀው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ እዚያ እንዲደርስ በታቀደው የባቡር ሐዲድ ነው። በእኔ ልጅነት ግን የምትታወቀው በማሽላዋ፣ በከብቷና በግራር ጫካዋ ነበር።

ጊዜው የ1962 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ማሽላው እሸት ይዟል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ማታና ንጋት ላይ ደግሞ ከርከሮና ሚዳቋ ይመጡበታል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬም ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ መጠበቅ ነው። ወንጭፉ ሲሰለቸኝ እንጨት ጎብጬ፣ የበሬ ጅማት ወጥሬ ደጋን ሠራሁ። ቀስቱ መቃ ነው፤ ጫፉ ላይ በድንጋይ የሳልኩት ሚስማር አስሬበታለሁ። ለአያቴ አልነገርኩም።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ሚዳቋ ማሾው ውስጥ ገብታ ስትቀነጥብ አየኋት። ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። ለቀቅሁት። እንደማገኛት አላመንኩም ነበር፤ ግን ጎኗ ላይ «ጧ» ሲል ሰማሁ። ጀርባዋን ጉብጥ አደረገችና እየተጎተተች ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ከማማው ዘልዬ ልከተላት ስል አያቴ ደረሱ። ሁለት ፍየሎች ይዘው ወደ ገበያ እየሄዱ ነበር።

«ስትመታ ዘለለች ወይስ ጎበጠች?» አሉኝ።

«ጎበጠች።»

ፊታቸው ጠቆረ። የተሰበረውን መቃ ከመሬት አንሥተው አሸተቱት፤ ለእኔም አፍንጫዬ ላይ አስጠጉልኝ። ደሙ ጠቆር ያለ ነው፤ አረንጓዴ ነገር ተቀብቶበታል፤ ፈርስ ይሸታል። «አንጀቷን ነው የወጋሃት» አሉ። ከዚያ ፍየሎቹን ግራር ሥር አሰሩና «ተቀመጥ» አሉኝ።

«ልታመልጠን እኮ ነው!»

«ከሮጥክ ታመልጥሃለች።»

ያን ዕለት የነገሩኝን፣ በኋላም ያነበብኩትን አንድ ላይ ላስቀምጠው። ጥይት ሰብሮና ደብድቦ ይጥላል፤ ቀስት ግን በዋናነት የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ የወደቀው ደም ይነበባል። ደማቅ ቀይ ሆኖ አረፋ ካለበት ሳንባ ተመትቷል፤ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። ጥቁር ቀይ ከሆነ ምናልባት ጉበት ነው። ፈርስ ከተቀላቀለበት ሆድ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ክፉ ነው፤ ለሞት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሆዱን የተመታ እንስሳ ካልተባረረ ቅርብ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ከተባረረ ግን በፍርሃት ጉልበት ተራራ ይሻገራል፤ ደሙም ይደርቃል። በቀስት በሚታደንበት አገር ሁሉ የሆድ ቁስል ላይ ለረጅም ሰዓት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ጀርመኖችማ የቆሰለ እንስሳን ዱካ ብቻ የሚከተል የውሻ ዝርያ አራብተዋል።

እኛ ውሻ አልነበረንም። የነበረን አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። እኛ ያረድነውን ስለማይበላ ከነገሩ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ግን ዱካ በማንበብ ከአያቴም ይበልጥ ነበር፤ ሲጠሩት መጣ።

እሱን ስንጠብቅ አያቴ ድንገት «ቢስሚላህ ብለህ ነው የለቀቅኸው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። አላልኩም ነበር።

የወሎ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አዲይ ኢብን ሐቲም የተባለው ሰሓባ ስለዚሁ ነገር ነቢዩን ጠይቋል። የአላህ ስም ተጠርቶበት የተወጋ አውሬ በማግሥቱ ሞቶ ቢገኝ፣ ከቀስቱ በቀር ሌላ የጉዳት ምልክት ከሌለበት ይበላል፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ግን ውኃው ይግደለው ቀስቱ ስለማይታወቅ ይተዋል። በሕይወት ከተደረሰበት ደግሞ ይታረዳል። ሚዳቋዋ ሞታ ብትገኝ እንግዲህ ቤተሰቡ ሁሉ በእኔ ውሸት ሐራም ሊበላ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተቀመጥን። ገበያተኛው አልፎ አለቀ፤ ፍየሎቹ ግራሩ ሥር ያመሰኳሉ። ከዚያ ተነሣን። ጎረቤታችን ከፊት፣ ከደሙ ጎን ጎን ይሄዳል፤ ደሙን አይረግጥም። እኔ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ቅጠል ይዤ እቆማለሁ፤ ቀጣዩ ሲገኝ ቅጠሉን አስቀምጬ ወደዚያ እሄዳለሁ። ዞር ብዬ ሳይ ቅጠሎቹ መንገዷን አሳዩኝ፤ ወደ ወንዙ እያዘነበለች ነው። ድንጋያማው ላይ ደሙ ጠፋ። ጎረቤታችን ከመጨረሻው ቅጠል ተነሥቶ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ዞረ። ያገኘው ደም አይደለም፤ አንድ ድንጋይ ላይ የተሰበሰቡ ጉንዳኖችን ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ መሸ። ጅብ ጮኸ። ጎረቤታችን «አሁን በጨለማ ብንነካካት እናስነሣታለን። ለጅብም ከሆነች ሆናለች» አለ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ቢስሚላህ እንዳላልኩ ተናገርኩ።

አያቴ ዝም አሉ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን «እንግዲያ ሞታ ብትገኝ ለማንም አትሆንም፤ እንተዋት» አለ።

«እሷ ምን አደረገች?» አሉ አያቴ። «ሥጋዋ ባይበላ ቁስሏ ይቀራል?»

እዚያው አደርን። እሳት አነደድን፤ እኔ ተኛሁ፤ እሳቸው የተኙ አይመስለኝም። ሊነጋ ሲል ተነሣን። ከእኛ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከውኃው አፋፍ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተኝታለች። ሆዷ ተነፍቷል። ጆሮዋ ግን ይንቀሳቀሳል። አያቴ ከኋላዋ ዞረው ያዟትና ቢላዋውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው መልሰው ወሰዱት። «ቢስሚላህ» ያሉት ጮክ ብለው ነው፤ ለእኔ እንዲሰማኝ ይመስለኛል። ከሥጋው አብዛኛው ተበላሽቶ ነበር፤ ወደ ቤት የተሸከምኩት አንድ የኋላ እግር ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አያቴ በአደን የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። በዚያ ዘመን የሚፎከረው አንበሳና ዝሆን ለገደለ ነው፤ ለሚዳቋ ማን ይፎክራል?

ዛሬ ያንን ማድረግ ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የሚያጠፋውንም በገንዘብና በእስራት ይቀጣል። ለልጅ ልጄም ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው። «ፍየሎቹስ? ሌሊቱን ጅብ አልበላቸውም?» አለ። አልበላቸውም፤ አያቴ ሚስት ቀድመው ወስደዋቸው ነበር፤ ሲመለሱም አያቴን ለሳምንት አኮረፏቸው።

ይህን ስናወራ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከዛፉ ወረደ። ቅጠል ላይ ደም አየና ጎንበስ አለ።

«አሁን ይሂድ?» አለ ልጁ።

«መጀመሪያ ደሙን እንየው» አልኩት። መነጽሬን አምጥቶ ሰጠኝና ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋው።