ለልጅዎ የጌም ማውስ ሊገዙ ነው? መጀመሪያ እጁን ይለኩ

«አክስቴ፣ ለልደቴ የጌም ማውስ ግዢልኝ» ብሎ የሚደውል የእህት ልጅ አለዎት? እኔ አለኝ። ዳንግላ ነው የሚኖረው፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው። ቃል ገብቼለት ስለነበር አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ወዳለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ጎራ አልኩ።

መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ዓይኔን የሳበው ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚረጨው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «16,000 ዲፒአይ» የተጻፈበት ነበር። ዲፒአይ ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን አጠገቡ ካለው 6,400 ይበልጣል አይደል? ገዛሁት። የሚያስቀው ሙያዬ ማርኬቲንግ መሆኑ ነው። ትልቅ ቁጥር በትልቅ ፊደል የሚታተመው ደንበኛው ብዙ ሳይጠይቅ እንዲወስን መሆኑን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

ዕቃው በአውቶቡስ ዳንግላ ደረሰ። ልጁ ደውሎ አመሰገነኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነገሩን ረሳሁት።

«ስጦታ ነዋ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለማየት ወደ አዊ ሄድኩ። በዋዜማው እህቴ ቤት ዳንግላ አደርኩ። ማታ ልጁ ላፕቶፑ ላይ ሲጫወት አየሁት፤ ማውሱ ግን የለም። በታችፓዱ ነው የሚታገለው።

«ማውስህስ?» አልኩት። አቀረቀረ። ደጋግሜ ስጠይቀው «አክስቴ፣ እጄን ያመኛል» አለኝ። ታዲያ ለምን ቀድሞ አልነገረኝም? «ስጦታ ነዋ!»

አምጥተህ አሳየኝ አልኩት። አመጣውና ያዘው፤ በግራ እጁ። ያን ጊዜ ገባኝ። የገዛሁት ማውስ ለቀኝ እጅ ተብሎ የተቀረጸ ነበር፤ የአውራ ጣት ማረፊያው በግራ በኩል ጎድጎድ ብሏል። ልጁ ደግሞ ግራኝ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ገበታ ላይ ነው፤ ገበታ ላይ ደግሞ እንደ ሁላችንም በቀኙ ነው የሚበላው። የሚጽፍበትን እጅ ዘንግቼዋለሁ። በዚያ ላይ ማውሱ 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ የሰፈር ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 150 ግራም መዘነ። ለትንሽ መዳፍ ሸክም ነው።

በማግስቱ እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የማኅበሩ ፈረሰኞች በተሸለሙ ፈረሶች ሲያልፉ የእህቴ ባል አጠገቤ ቆሞ ነበር። የማውሱን ታሪክ ከልጁ ሰምቶ ኖሮ እየሳቀ «ጌጡ ለተመልካች ነው፤ ኮርቻው ካልተስማማው ግን ፈረሱ ይገጠባል፤ ፈረስ ደግሞ አይናገርም» አለኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ስለ ማውስ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። እርስዎ የእኔን ስህተት እንዳይደግሙ የተማርኩትን ላካፍልዎ።

በእርግጥ ማውስ ያስፈልገዋል?

መጀመሪያ ልጅዎ ምን እንደሚጫወት ይጠይቁት። እንደ ፊፋ ያሉ የእግር ኳስ ጌሞች ማውስ አያስፈልጋቸውም፤ በኪቦርድ ወይም ደግሞ በጆይስቲክ የተሻለ ይሄዳሉ። ለእነዚህ ውድ ማውስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ማውስ ልዩነት የሚያመጣው ዒላማ በሚፈልጉ ጨዋታዎች ለምሳሌ በካውንተር ስትራይክ፣ እንዲሁም እንደ ማይንክራፍት ባሉ የግንባታ ጨዋታዎች ላይ ነው። ጥሩ ማውስ ከጨዋታ ውጪም ይጠቅማል፤ ለትምህርት ቤት ሥራ፣ ለሥዕልና ለቪዲዮ ቅንብር ከታችፓድ በእጅጉ ይቀላል።

የእጅ ነገር

ልጅዎ እጁን ዘርግቶ ደብተር ላይ ያስቀምጥና በእርሳስ ዙሪያውን ያስምሩ። ከእጅ አንጓው መታጠፊያ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደው መነሻ የማውሱ ርዝመት ከእጁ ርዝመት 60 በመቶ አካባቢ ይሁን የሚል ነው። 19 ሴንቲ ሜትር እጅ ላለው አዋቂ 11 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ እጅ 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በስሌቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ይወጣል። እንዲህ ያለ ትንሽ የጌም ማውስ በቀላሉ ስለማይገኝ ለልጅ ሲገዙ ቢያንስ ከ12 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ጠበብ ያለና ጀርባው ዝቅ ያለ ይፈልጉ።

ክብደቱንም ይጠይቁ። ከ60 እስከ 90 ግራም ያለው ለልጅ እጅ ቀላል ነው።

አያያዙንም ያስተውሉ። መዳፉን ሙሉ በሙሉ ማውሱ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ ጀርባው ሞላ ያለ ይስማማዋል፤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የሚይዝ ደግሞ ትንሽና ቀላል።

ልጅዎ ግራኝ ከሆነ ማውስ የሚይዘው በየትኛው እጁ እንደሆነ እሱን ራሱን ይጠይቁት። ብዙ ግራኞች ማውስን በቀኛቸው ለምደውታል። በግራው የሚይዝ ከሆነ ግን ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ቅርጽ ይምረጡለት። የግራና የቀኝ ቁልፎቹን ከዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ማቀያየር ይቻላል። ጌሙ ውስጥ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ቁልፎቹን በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ወዳሉት ቀስቶች ማዛወር ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ጠቋሚው ስክሪኑ ላይ ስንት ነጥብ ይሄዳል ማለት ነው። አሁን አብረን እናስላ። 1,366 ነጥብ ወርድ ያለው የላፕቶፕ ስክሪን እንውሰድ። ማውሱ 800 ዲፒአይ ላይ ከሆነ ጠቋሚውን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለማድረስ እጅዎን ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ አድርገው ያንቀሳቅሳሉ። 16,000 ላይ ቢያደርጉትስ? 2 ሚሊ ሜትር! እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠቋሚው ከስክሪኑ ጠርዝ ጠርዝ ይዘላል ማለት ነው። ብዙ ተጫዋቾች የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 1,600 ባለው መካከል ነው። ይህን ደግሞ በጣም ርካሹ የጌም ማውስም ይሰጣል።

ሁለተኛው ቁጥር ሄርትዝ ነው። ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለላፕቶፑ መልእክት እንደሚልክ ይነግርዎታል። 125 ሄርትዝ በየ8 ሚሊ ሰከንዱ፣ 1,000 ሄርትዝ ደግሞ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ማለት ነው። የተለመደው የላፕቶፕ ስክሪን በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያሳይ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ17 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ 1,000 ካለ ጥሩ፤ ከዚያ በላይ ለሚሉት ተጨማሪ ብር አያውጡ።

ምሳሌ ከፈለጉ ገበያው ላይ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ሎጂቴክ ጂ102 ነው። 85 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ 1,000 ሄርትዝ አለው። ቅርጹ ለሁለቱም እጅ እኩል ቢሆንም የጎን ቁልፎቹ በግራ በኩል ብቻ ናቸው። ሌላ ስም ቢያጋጥምዎም በእነዚሁ መለኪያዎች ያመዛዝኑት።

ገመድ ወይስ ያለ ገመድ?

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ አንድ ቁልፍና አንድ ገመድ ብቻ ነበረው። ገመዱ ጅራት ስለመሰለ ነው አይጥ የሚል ስም ያወጡለት ይባላል።

ገመዱ ዛሬም ጥቅም አለው። ባለ ገመዱ ይረክሳል፣ ባትሪ አይጠይቅም፣ ትንሿን የዩኤስቢ መቀበያ ፍለጋ ሶፋ ሥር አያስገባዎትም። ሲገዙ ገመዱ ለስላሳና የሚተጣጠፍ መሆኑን ይዩ፤ ግትር ከሆነ ማውሱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ያለ ገመድ ከመረጡ በዩኤስቢ መቀበያ የሚሠራውን ይውሰዱ፤ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራው ለጨዋታ ይዘገያል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚኖሩ ከሆነ በየትኛውም ሱቅ በሚገኝ ተራ ባትሪ የሚሠራው ከሚቻረጀው ይልቅ ሊመችዎ ይችላል። በሁለቱም በኩል የላፕቶፑን ቀዳዳዎች አስቀድመው ይዩ፤ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ያላቸው ታይፕ ሲ ብቻ ስለሆነ ማገናኛ መግዛት ሊኖርብዎ ነው።

ጠረጴዛውን አይርሱ

የሳሎን መስታወት ጠረጴዛ ላይ አብዛኛው ማውስ አይሠራም፤ ከሥሩ የሚወጣው ብርሃን የሚያነበው ነገር ያጣል። ዳንቴል ላይም ጠቋሚው ይዘላል፤ ማውሱም ይያዛል። አንድ ተራ የጨርቅ ማውስ ፓድ ይበቃል። ልጁ ክርኑ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ፣ የእጅ አንጓው ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ወንበሩን ያስተካክሉለት።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ዊንዶውስ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚል ምርጫ አለው፤ እጅ ሲፈጥን ጠቋሚውን ይበልጥ ያፈጥነዋል። ለጨዋታ ቢጠፋ ይሻላል፤ እጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ርቀት ይለምዳልና።

ከመክፈልዎ በፊት

ባሕር ዳር ያለው ምርጫ ሰፋ ይላል፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ያህል ነው። ብዙዎቻችን ግን ወይ ካለበት ከተማ ሱቅ እንገዛለን፣ ወይ በቴሌግራም አይተን ከአዲስ አበባ እናዝዛለን። ሱቅ ከሆነ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱና ሰክተው ይሞክሩት። በቀስታም በፍጥነትም ያንቀሳቅሱት፤ ጠቋሚው መዝለል የለበትም። ግራውን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ያህል ይጫኑት፤ አንዴ ሲጫኑ ሁለት ጊዜ ከሠራ ይመልሱት። በቴሌግራም ከሆነ ሙሉ የሞዴል ስሙን፣ ክብደቱንና ርዝመቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደረሰኝና የመመለሻ ቀን ይኑረው። የታወቀ ስም ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ባነሰ ዋጋ ካገኙ ኮፒ ሊሆን ይችላል ብለው ይጠርጥሩ።

ከሁሉም በፊት ግን ተጫዋቹን ይጠይቁት። ስጦታ ከሰጡም በኋላ በሳምንቱ ደውለው «ተስማማህ ወይ?» ይበሉት። ልጆቻችን ምስጋናን እንጂ ቅሬታን አላስተማርናቸውም፤ ይሉኝታ ደግሞ በአሥራ ሦስት ዓመትም ይይዛል። ሕመሙ ማውሱ ተቀይሮም ካልተወው የጤና ባለሙያ ይየው።

እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት የልጇን ግራ እጅ ደብተር ላይ አስምራ በቴሌግራም ላከችልኝ። በዚያው ልክ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ መብራት የሌለው ቀላል ማውስ ገዛሁ። የመጀመሪያውን አባትየው ለቢሮ ሥራ ወሰደው፤ ለእሱ እጅ ልክ ነው። በሳምንቱ ደውዬ ጠየቅሁት። «አክስቴ፣ እጄን አያመኝም» አለኝ፤ ቀጥሎም ትንሽ አመነታና «ገመዱ ግን ትንሽ ያጥራል» ሲል ጨመረ። እንዲህ ሲናገር መስማቴ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመዱን በማግስቱ ላክሁለት።