ውድ ዕቃ ሁሉ አይጋባም!
የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ላሰባችሁ

ከዶሎ ኦዶ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ስሜን እንዳታወጡ ብሎ አደራ ብሏል፤ አታስብ፣ እዚህ አምድ ላይ የማንም ስም ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ የምትሠራ እህቱ ከደመወዟ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ልካለታለች። ልጁም «አለ የተባለ» የጌም ኮምፒውተር አዲስ አበባ ላይ አስገጣጥሞ ሊያስመጣ ቆርጧል። ማታ ማታ ራሱ ሊጫወትበት፣ ቀን ቀን ደግሞ የሰፈሩን ልጆች በሰዓት እያስከፈለ ሊያጫውትበት። የእናቱ ወንድም፣ እሱ «አብቲ» ነው የሚላቸው፣ ወሬውን ሲሰሙ «በዚህ ብር ስንት ፍየል ይገዛ ነበር!» ብለው አኩርፈውታል። እሱ ግን የሚገዛውን ዕቃ አንድ በአንድ ጽፎ «ሁሉም የታወቀ ዕቃ ነው፤ እንከን አለው ወይ?» ሲል ጠይቆናል።

ዝርዝሩ ይኸውና፦ ፕሮሰሰር ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ፣ ማዘርቦርድ ቢ550፣ ራም 32 ጊጋባይት ዲዲአር4፣ ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 5080፣ ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት፣ እና እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ካርድ ብቻ የምትቀበል ትንሽ ኬዝ።

ወንድማችን፣ እውነቱን እንንገርህ? እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ጥሩ ዕቃ ነው። አብረው ግን አይኖሩም! ቆንጆና ቆንጆ ስለተገናኙ ብቻ ትዳር እንደማይጸና ሁሉ፣ ውድና ውድ ዕቃ ስለተገናኘ ብቻ ኮምፒውተር አይሆንም። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ፣ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ዕቃ ለመግዛት ላሰባችሁ ሁሉ አንድ በአንድ እናየዋለን።

ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ

የመጀመሪያው ጋብቻ ይሄ ነው። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ እንደሚሆኑት፣ ኮምፒውተርም የሚጀምረው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የሚገናኙበት ቦታ ሶኬት ይባላል። ልጁ የመረጠው ፕሮሰሰር የተሠራው ኤኤም5 ለሚባለው ሶኬት ነው፤ ሶኬቱ እ.ኤ.አ በ2022 የወጣ ነው። ቢ550 ማዘርቦርድ ደግሞ የቀድሞው ኤኤም4 ነው። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ሆዱ ላይ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። የኤኤም5 ፕሮሰሰር እግር የለውም፤ 1718ቱ መርፌዎች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ታዲያ በምን ተአምር ይገጥማሉ? በጉልበት ልግጠም ያለ ሰው የሚያተርፈው ስብርባሪ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ ማዘርቦርዱን ቢ650 ወይም ቢ850 ማድረግ፣ ወይ ማዘርቦርዱን ሳይቀይሩ የኤኤም4 ፕሮሰሰር መግዛት።

የኢንቴል ወዳጆችም አትዘናጉ። 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ የሚባሉት በአንድ ሶኬት፣ በኤልጂኤ 1700 ይሠራሉ። እ.ኤ.አ በ2024 መጨረሻ የመጣው ኮር አልትራ 200 ግን 1851 የሚባል ሌላ ሶኬት አለው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ13ኛና ከ14ኛ ትውልድ ኃይለኞቹ ፕሮሰሰሮች በራሳቸው የመበላሸት ችግር እንደታየባቸው ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኗል፤ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ «በርካሽ» ቢቀርብላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ሌላው ባዮስ ነው። ሶኬቱ አንድ ሆኖም ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የተመረተ ከሆነ ባዮሱ ሳይታደስ አይተዋወቁም፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሻጩን «ለዚህ ፕሮሰሰር ባዮሱ ታድሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስነስቶ ያሳያችሁ።

ራም

እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። የልጁ ራምና የልጁ ማዘርቦርድ ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ዲዲአር4 ናቸውና። ሙሽራው ፕሮሰሰር ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም! ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የዲዲአር4 እና የዲዲአር5 መሰንጠቂያ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ስትገዙ አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 በአንድ ካርቶን የታሸገ ግዙ። ሁለት ሲሆኑ በሁለት መስመር ስለሚሠሩ ይፈጥናሉ። ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለውን ካላበራችሁ፣ የከፈላችሁበትን ፍጥነት አታገኙትም። እ.ኤ.አ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለወጣ፣ የዓምናውን ዋጋ ይዛችሁ ገበያ አትውጡ። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎች ምርቱን እየተሻሙት ነው።

መብራት፣ መብራት፣ መብራት!

አርቲኤክስ 5080 ብቻውን እስከ 360 ዋት ይበላል። ለፕሮሰሰሩ የተፈቀደው የኃይል ጣሪያ ደግሞ ወደ 160 ነው። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ማራገቢያው ሲደመር ወደ 600 ተጠጋን። ታዲያ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ምን ይሁን? አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 850 ዋት ነው። «ዋት ያለው ሁሉ አንድ ነው» አትበሉ። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላዩ ላይ 850 ተጽፎበት ግማሹን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ካርዱን ይዞ ነው የሚሄደው።

የካርዱ ገመድም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ በ2022 አርቲኤክስ 4090 ሲወጣ ባለ 16 ቀዳዳው ማገናኛ ቀልጦ የተገኘባቸው ነበሩ። አንዱ ምክንያት ገመዱ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነበር። 5080ም የዚያው ማገናኛ የተሻሻለ ወንድም ስለሆነ፣ ገመዱን እስከ ጥግ ግፉት፤ ከሥሩም አትጠምዝዙት።

ከኬንያ በማንዴራ በኩል የሚመጣ ዕቃ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ሶኬት ነው። አትደንግጡ፣ ገመዱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 100-240 የሚል ከሆነ ሰላም ነው። ከኋላው 115/230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ያለው አሮጌ ከሆነ፣ ወደ 230 ሳታዞሩ በእኛ 220 ቮልት ብትሰኩት... ጧ! አለቀ።

ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳና ይረጋጋ፣ ከዚያ በእስታቢላይዘር በኩል ኮምፒውተሩ ይሰካ። ዩፒኤስ ስትገዙ ቪኤ እና ዋት አንድ እንዳይመስሏችሁ፤ 1000 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 600 ዋት አካባቢ ነው የሚሸከመው። ሥራውም ጌም ማስጨረስ ሳይሆን፣ መብራት ሲሄድ በሥርዓት እንድታጠፉ ደቂቃዎች መስጠት ነው። በሶላር ልጠቀም ለሚል ደግሞ ሒሳቡን እንንገረው፦ 600 ዋት በአራት ሰዓት 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የቤት አምፖልና ስልክ ቻርጅ የምታደርግ ትንሽ ሶላር ይህን አትችልም። ኢንቨርተሩም ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ ዓይነት ይሁን።

ልክ ሳይለኩ ሱሪ አይሰፋም

ኤንቪዲያ ራሱ የሠራው 5080 ርዝመቱ 30.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከዚህም ይረዝማሉ። የልጁ ኬዝ የሚቀበለው 28 ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ለኩ፦ የካርዱን ርዝመት፣ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ቁመት፣ የማዘርቦርዱን መጠን። ኤቲኤክስ 30.5 በ24.4፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4፣ ሚኒ አይቲኤክስ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሹ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ትንሽ ኬዝ ውስጥ አይገባም።

ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የተረሳ ነገርም አለ። 7800ኤክስ3ዲ ማቀዝቀዣ ከካርቶኑ ጋር አይመጣለትም! ለብቻው ይገዛል።

የቆላ ሙቀት

አዲስ አበባ የሚሰጣችሁ ምክር ዶሎ ላይ የማይሠራው እዚህ ጋ ነው። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ ከክፍሉ በታች አያቀዘቅዝም። 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 65 የሚያሳይ ፕሮሰሰር፣ 37 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ወደ 80 ይጠጋል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው 89 ነው፤ ከዚያ በላይ ራሱን ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚበላው 600 ዋትም ተመልሶ ሙቀት ሆኖ ክፍላችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምድጃ ለኩሳችሁ ተቀመጡ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ይቅር፤ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን። ማጣሪያውን በየሳምንቱ አራግፉ። የውኃ ማቀዝቀዣ ያምራል፣ ግን ፓምፑ ቢቆም ዶሎ ላይ ማን ይለውጥላችኋል? ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ቢበላሽ የሚበላሸው ማራገቢያው ብቻ ነው። የካርዱንም የኃይል ገደብ በሶፍትዌር ወደ 80 በመቶ ዝቅ ብታደርጉት ጌሙ ላይ የሚቀንስባችሁ ጥቂት ነው፤ ሙቀቱና መብራቱ ግን በደንብ ይቀንሳል።

ስክሪኑስ?

ልጁ ስለ ስክሪን አንድም ቃል አልጻፈም። 60 ኸርዝ አሮጌ ስክሪን፣ ካርዱ በሰከንድ 200 ምስል ቢያመርትም የሚያሳየው 60ውን ነው። መኪናው ፌራሪ፣ መንገዱ ኮረኮንች! ገመዱንም ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩ። ይህን የሚስት ሰው ብዙ ነው።

መንገዱ

አዲስ አበባ ያለ ሰው ዕቃው ባይገጥምለት ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቀይራል። በነገሌ ቦረናና በፊልቱ አድርጎ ዶሎ ለገባ ግን መመለሻው የቀናት መንገድ ነው። ስለዚህ ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ተገጥሞ፣ ከባድ ጌም ተከፍቶ፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈተን። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት በእጃችሁ ይሁን። ትልልቆቹ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆኑ እዚያው አውርዳችሁ ጨርሱ። ከዚያ ግራፊክስ ካርዱንና ከባዱን ማቀዝቀዣ ፈታችሁ በየካርቶናቸው ጫኑ። ተገጥሞ እንዳለ ከተጫነ፣ የመንገዱ መናጥ የማዘርቦርዱን ሶኬት ሊሰብረው ይችላል።

አጎቱ ተሳስተዋል?

ወንድማችን፣ ሽማግሌ ሲናገር ፈገግ ብለህ አትለፈው። አርቲኤክስ 5080 ብቻውን እ.ኤ.አ በጥር 2025 ሲወጣ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ምን ያህል እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ዓላማህ መጫወት ብቻ ከሆነና ገንዘቡ የራስህ ከሆነ፣ ያማረህን ግዛ፤ ማንም አይከለክልህም። ዓላማህ ጌም ቤት ከሆነ ግን አንድ ነገር እንጠይቅህ። እጅግ ውድ የሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ሰዓት ስንት ልጅ ይቀመጣል? አንድ! በዚያው ገንዘብ የሚገዙ ሦስት መካከለኛ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ሦስት ልጅ ይቀመጣል። የሚበሉት መብራት በአንድ በአንዱ ያነሰ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይሠራሉ። ለሰፈር ልጆች የእግር ኳስ ጌም 5080 አያስፈልገውም።

ደግሞስ እህትህ ምን ትላለች? ደብዳቤህ ውስጥ የእሷ ሐሳብ የለም። በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ደውልላት፤ «ለጌም ነው» ብለህ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ስንት እንደምታስከፍል፣ መብራቱ ስንት እንደሚወስድ፣ በስንት ወር እንደሚመለስ ጽፈህ ንገራት። ሒሳቡን ለአጎትህም አሳያቸው። ፍየል ትወልዳለች፤ አንተም ኮምፒውተሩ «እንዴት እንደሚወልድ» ማሳየት አለብህ። ማሳየት ካቃተህ፣ አጎትህ እውነት አላቸው።

ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ የምትይዙት

1. ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፦ ሶኬታቸው አንድ ነው? ባዮሱ ታድሷል?
2. ራም፦ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር4 ነው ወይስ ዲዲአር5?
3. ፓወር ሰፕላይ፦ የካርዱ አምራች ስንት ዋት ይመክራል?
4. ኬዝ፦ ካርዱ፣ ማቀዝቀዣውና ማዘርቦርዱ ተለክተው ይገባሉ?
5. ማቀዝቀዣ፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይመጣል ወይስ ለብቻው ይገዛል?
6. ስክሪን፦ ስንት ኸርዝ ነው?
7. ከሁሉም በፊት፦ ገንዘቡ የማን ነው? ለምንስ ነው?

ሰባቱንም «አዎ፣ አውቃለሁ» ካላችሁ ገበያ ውጡ። አንዱ ላይ ከተጠራጠራችሁ ግን ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢያድር አይሻግትም።

ቸር ይግጠመን፤ ዕቃችሁም ይግጠም!