የአዳማን ሰማይ ለቴሌስኮፕ ማስተዋወቅ

«ተበላሽቷል» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ባለኮምፒውተር ቴሌስኮፖች አብዛኞቹ ጤነኛ ናቸው። ሞተራቸው ይዞራል፣ መስታወታቸው ንጹሕ ነው፣ ሪሞታቸውም በደንብ ይበራል። ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው የሚመጡት መምህራን የሚነግሩኝ ግን ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ «ጁፒተርን አሳየን ስንለው መሬት መሬቱን ያያል።» እኔም መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ሰዓቱንና ቀኑን እንዴት እንደሚሞሉ ፊቴ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ጥገናው እዚያው ያልቃል።

መሣሪያው የተሠራው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ለሚኖር ሰው ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ተክለነው ሰዓት ሲጠይቀን እጃችን ሳናስበው 2፡00 ይጽፋል። «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ብንመርጥለት እንኳ እሱ የሚረዳው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የ6 ሰዓት ልዩነት ሰማዩን በ90 ዲግሪ ያዞርበታል። በምሥራቅ አድማስ ብቅ ያለውን ኮከብ ከእግራችን ሥር ይፈልገዋል ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ 20፡00 ነው። ደቂቃውንም ችላ ማለት አይገባም፤ 4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ የግማሽ ዲግሪ ስፋት ብቻ ነው ያላት።

ቀኑ ከሰዓቱ ይብሳል። ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመሣሪያው ጃንዋሪ 9 ቀን 2026 ነው። ብዙዎቹ ሪሞቶች የአሜሪካኖችን አጻጻፍ ስለሚከተሉ ወሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ 01/09/26 ተብሎ ይሞላል። ቀኑን አስቀድመን 09/01/26 ካልነው ሴፕቴምበር 1 ላይ ደርሰናል። በራሳችን አቆጣጠር 05/01/18 ብለን ከሞላን ደግሞ ሜይ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው የሚመስለው። ዓመቱ መሳሳቱ ለከዋክብት ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ በ7 እና በ8 ዓመት ውስጥ ቦታቸውን ለዓይን በሚታይ መጠን አይለቁም። ፕላኔቶችና ጨረቃ ግን መንገደኞች ናቸው። ከዋክብቱን ሁሉ በትክክል እያገኘ ሳተርንን ብቻ የሚስት ቴሌስኮፕ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ዓመቱን ነው።

ቦታ ሲጠይቅ አዳማ 8.54 ዲግሪ ሰሜን፣ 39.27 ዲግሪ ምሥራቅ ናት። ስልክ ያለው ሰው ቁጥሩን ከስልኩ ማንበብ ይችላል። ዋናው ነገር «ምሥራቅ» የሚለውን መምረጡ ነው፤ «ምዕራብ» ላይ እንዳለ የተወው ሰው ከተማዋን አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ያስቀምጣታል። ከሪሞቱ የከተሞች ዝርዝር አዲስ አበባን መምረጥ ግን ብዙም አይጎዳም። ልዩነቱ በኬክሮስም በኬንትሮስም ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፣ በኋላ ኮከብ ስናሳየው አብዛኛው ይታረማል። የሰዓት ቀጠናው ሲደመር 3 ነው፤ «የበጋ ሰዓት» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ፣ ዋርዴር አካባቢ በሚያልፈው መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ አዳማ ላይ የከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው። ይህን ኮምፒውተሩ ራሱ ያሰላዋል፤ በእጃችን ለማረም መሞከር የለብንም።

ይህ ሁሉ ተሞልቶም ቴሌስኮፑ ገና የት እንደሚያይ አያውቅም። በማኅደሩ የሺዎች ከዋክብት ዝርዝር አለው፤ የእያንዳንዳቸውን ቦታ በዚያች ደቂቃ ማስላት ይችላል። የማያውቀው የራሱ ቱቦ ወዴት እንደዞረ ነው። ሞተሮቹ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ ይቆጥራል፤ ከየት እንደተነሱ የሚነግረው ግን ሰው ነው። አላይመንት የምንለው ይህንን መንገር ነው። አንድ ኮከብ አሳይተን ብንተወው ሰማዩ በአንድ ምስማር ግድግዳ ላይ እንደተመታ ወረቀት ይሆናል፤ በምስማሩ ዙሪያ መሽከርከሩን አይተውም። ሁለተኛው ኮከብ ሲጨመር ነው የሚረጋው። ሁለቱ በጣም ከተቀራረቡ ትንሽ ስህተት ራቅ ባለው ሰማይ ላይ ትልቅ ይሆናል፤ ትይዩ ለትይዩ ከተቀመጡም አይበጁም። እኔ ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ተራርቀው የሚገኙትን እመርጣለሁ።

መመሪያው መጽሐፍ እዚህ ላይ ከአዳማ ጋር ይለያያል። የተጻፈው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላለ ሰው ነው፤ «የሰሜን ኮከብን ፈልጉ» ብሎ ይጀምራል። እነሱ ጋ ፖላሪስ ከአድማስ 40 እና 50 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል። እኛ ጋ ከፍታው ከኬክሮሳችን ጋር እኩል፣ ወደ 8 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው፤ ከሰሜን በኩል ኮረብታ፣ ሕንፃ ወይም የበጋ አቧራ ካለ የለም ማለት ነው። ወደ ሰሜን ኮከብ ዘንብለው የሚተከሉት ባለ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎችም ብዙዎቹ እስከዚህ ድረስ ዝቅ እንዲሉ አልተሠሩም። ስለዚህ ከመቂም ይሁን ከባቱ ለሚጠይቁኝ መምህራን ምክሬ አንድ ነው፦ ግራ ቀኝና ላይ ታች ብቻ የሚሄደውን ቀላሉን መቆሚያ ያዙ፣ የሰሜን ኮከብን እርሱት።

ለዚህ ካሳ ያህል ሁለት ሰማይ ተሰጥቶናል። ከአዳማ ቆመን በሰሜን ካፔላን፣ በደቡብ ደግሞ ለንደን ላይ ፈጽሞ የማይወጣውን ካኖፐስን 29 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እናያለን። የደቡብ መስቀል እንኳ በወቅቱ ይታየናል። ነገር ግን በአናታችን የሚያልፉ ከዋክብት ለአላይመንት አይሆኑም። በመስቀል ሰሞን ማታ 2 ሰዓት ገደማ አልታይር አዳማ ላይ በትክክል አናት ላይ ይሆናል፣ ከአናታችን የግማሽ ዲግሪ ያህል እንኳ አይርቅም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ግራና ቀኝ ማለት ትርጉም ያጣል፤ ኮከቡ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ሞተሩ ግማሽ ዙር ለመሮጥ ይገደዳል። መመሪያው አልታይርን ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጠዋል፤ በመስቀል ሰሞን የእኛ ተማሪ ግን ሌላ ይምረጥ።

ኮከብ መምረጥ ማለት ኮከብ ማወቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ነው። እንደ ሴለስትሮን ያሉ አንዳንድ ኩባንያዎች ስም ሳንነግረው ሦስት ብሩህ ነገሮችን ብቻ አሳይተነው ቴሌስኮፑ ራሱ የሚስተካከልበት ዘዴ አላቸው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሦስቱን ማንነት የሚለየው ከሞላንለት ሰዓት፣ ቀንና ቦታ ተነስቶ ነው፣ እነዚያ ከተሳሳቱ እሱም ይስታል። ሁለት ኮከብ በስም ማወቅ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ይህ እውቀት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የቦረና ቀን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎች፣ ወራትን የሚለዩት አዲሷ ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጎን እንደወጣች አይተው ነው። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህንን አቆጣጠር ዘርዝረው ጽፈዋል። እኛ አልዴባራን ብለን ከሪሞቱ የምንመርጠው ኮከብ እዚያ በከልቻ ነው፤ ሲሪየስም ባሳ ነው። በተማሪዎች የሥነ ፈለክ ክበብ ውስጥ የኦሮሞ ልጆች እነዚህን ስሞች ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮከቡን ከሌላ ጋር አያምታቱትም።

ማምታታት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ ጁፒተር በገውዝ ከዋክብት መካከል፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ቆሞ፣ ከሁሉም ደምቆ በምሥራቅ ይወጣ ነበር። ሪሞቱ «ፖሉክስን አሳየኝ» ሲል ዓይን በቀጥታ የሚሄደው ወደዚያ ብርሃን ነው። የተሳሳተውን ካጸደቅንለት ሌሊቱን ሙሉ ሁሉንም ነገር ጥቂት ዲግሪ እየሳተ ያሳየናል። በዚያ ሰሞን ማታ 2 ሰዓት ላይ እኔ የምጠቀመው በሰሜን ምሥራቅ ካፔላን፣ በደቡብ ምሥራቅ ሲሪየስን ነው። ሁለቱም ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ከ60 ዲግሪ በላይ አለ።

የማታው ሥራ እንዲቀል ግማሹ በቀን ይሠራል። ከቱቦው ጎን ያለችው ትንሿ ፋይንደር ቱቦው የሚያየውን ካላየች ኮከብ ማግኘት ስቃይ ነው። አዳማ ለዚህ የተመቸች ናት፤ በኮረብቶቹ ላይ አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች ቆመውባቸዋል። ፀሐይ በጀርባችን ስትሆን ራቅ ካለው ረድፍ አንዱን እንመርጣለን። ክንፉ ስለሚዞር አይሆንም፤ ክንፎቹ የሚገናኙበትን እምብርት በዋናው ሌንስ መሃል እናስገባና የፋይንደሯን ብሎኖች እያዞርን ቀይዋን ነጥብ እዚያው ላይ እናሳርፋለን። ይህ ሲሠራ ልጅ ብቻውን ከቴሌስኮፑ ጋር አይተውም። ቱቦው በድንገት ወደ ፀሐይ ከዞረ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል፣ መድኃኒትም የለውም።

ማታ መቆሚያውን በውሃ ልክ አስተካክለን ካበራነው በኋላ ያለው ጊዜ የእጅ ጊዜ ነው። ኮከቡ እይታ ውስጥ ገባ ማለት መሃል ገባ ማለት አይደለም። በሰፊው ሌንስ ካገኘነው በኋላ አጉልቶ የሚያሳየውን እንቀይርና ትኩረቱን ሆን ብለን እናበላሻለን። ነጥቧ ኮከብ ሰፍታ ክብ ትሆናለች፤ ክቡ ከሌንሱ ጠርዝ በአራቱም አቅጣጫ እኩል መራቁን ማየት ነጥብን ከመገመት እጅግ ይቀላል። በሞተሩ ማርሽ ጥርሶች መካከል ክፍተት ስላለ የመጨረሻዎቹ እንቅስቃሴዎች ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መሆን አለባቸው፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች በላይና በቀኝ ቁልፍ። ካለፈን ወደ ኋላ በደንብ መልሰን እንደገና በላይና በቀኝ እንመጣለን። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፣ ወረፋ የያዙትም ይጮኻሉ። እኔ ግን በዚህች ደቂቃ ማንንም አላስቸኩልም።

ቦታው የራሱን ይጨምራል። አዳማ ላይ የበጋው ነፋስ ቱቦውን ይነቀንቀዋል፤ ከግንብ ጥግ መትከልና የመቆሚያውን እግር አለማስረዘም ይረዳል። ወንጂ በኩል አገዳ በሚቃጠልበት ሰሞን ጭሱ ዝቅ ያሉትን ከዋክብት ይሸፍናል፣ ስለዚህ ከፍ ያሉትን መምረጥ ነው። ባቱና ቢሾፍቱ ሐይቁ አጠገብ ከተተከለ ሌሊቱ ሲገፋ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ ከተማው ይጨልምና ሰማዩ ይከፈታል፤ ምርጡ ሰዓት ያ ነው። ከግድግዳ ሶኬት የተሰካ ቴሌስኮፕ ግን በዚያችው ቅጽበት ሁሉንም ይረሳል፣ አላይመንቱም ከዜሮ ይጀምራል። የ12 ቮልት ባትሪ ከተገጠመለት ምንም አይሆንም። ለትምህርት ቤቶች የምለምነው አንድ ዕቃ ቢኖር ይህ ባትሪ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ይህ የአላይመንት ጣጣ የለባቸውም፤ በቋሚነት የተተከሉ ስለሆኑ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተለካው ያገለግላቸዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን ያንን ሥፍራ ለማየት ግን የአዳማ ልጅ ሁልጊዜ መሄድ አይችልም። በትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የጠጣው ቴሌስኮፕ ወጥቶ መሥራቱ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ለዚህ ነው።

አላይመንቱ መያዙን የማረጋግጠው ቡናን በመፈለግ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው፣ በአንድሮሜዳ ውስጥ የሚገኝ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ የሚዞረው ፕላኔትም አቦል። ቡና በባዶ ዓይን አትታይም፣ ለትንሽ ቴሌስኮፕ ግን አትከብድም። አቦልን በእኛ መሣሪያ ማየት አይቻልም፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። በሪሞቱ ስሟ ስለሌለ ኮኦርዲኔቷን እንሞላለን፦ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ሲደመር 42 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ። በጥር መጀመሪያ ማታ 2 ሰዓት ላይ በስተሰሜን 56 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ሞተሩ ዞሮ ሲቆም በሰፊው ሌንስ አይተን ከኮከብ ካርታው ጎረቤቶቿ ጋር እናመሳክራለን። ከመሃል ጥቂት ፈቀቅ ብላ ብትገኝ ይበቃል። ጨርሶ ከሌለች ካፔላ ላይ ተመልሰን ከመጀመሪያው እንይዛለን።