እንደበራ አትንቀሉት

በቂርያት ቫይዝማን በላቦራቶሪም ሆነ በጽዳት ሥራ ለተሰማራችሁ፦ ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ዩኤስቢ መሣሪያው እንደበራ እንዲሰካና እንዲነቀል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ኃይል የሚያስተላልፉት ፒኖቹ ረዘም ስለሚሉ መረጃ ከሚያስተላልፉት ቀድመው ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘው አይ-ቱ-ሲ የተባለው መስመር ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ክፍሎች በሁለት ሽቦዎች በጋራ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ድንገት ሲነቀል ወይም ሲሰካ የሁሉም ንግግር ሊቋረጥ፣ ስክሪኑም የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ሊቀር ይችላል።

ብዙ ክትባቶች የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣው ሞቆ ስክሪኑ 5 ቢል፣ ክትባቱ መበላሸቱን ማን ያውቃል?

ስለዚህ ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ኃላፊውን ጠይቁ። በስህተት ከነቀላችሁም መልሳችሁ ሰክታችሁ ዝም አትበሉ፤ ወዲያው ተናገሩ።